በጭቃ የተገነባ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት የመሬት መንቀጥቀጥን ይቋቋም እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ጠያቂ፦ ጓሳ ዳር

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ከመሐል ሜዳ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ አያቴ ያሠሩት ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት አለን። እናቴ እስከ ዛሬ የምትኖረው በዚሁ ቤት ነው። ግድግዳው በጭቃ የተገነባ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ የደርቡ ወለል በጥድ ግንዶች ላይ የተረበረበ እንጨትና ጭቃ ሲሆን፣ ጣሪያው ቀድሞ ሣር የነበረው እኔ ልጅ ሳለሁ በቆርቆሮ ተለውጧል።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ በተለይ ታኅሣሥ 26 እና የካቲት 7 ቀን የደረሱት፣ መጠናቸውም በቅደም ተከተል 5.5 እና 6.0 ገደማ እንደነበር የተነገረው፣ እኔ በምኖርበት ደብረ ብርሃን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አልጋዬን አወዛውዘውታል። ለእናቴ ስደውል ግን ምንም እንዳልተሰማት ነገረችኝ። ጎረቤቶቻችንም ይህንኑ ይዘው «ስንት ዘመን የቆመ ቤት ነው፤ ይህም አልነቀነቀው፤ ምን ትፈራለህ?» ይሉኛል።

ሆኖም ለፋሲካ ስሄድ በምሥራቁ ማዕዘን፣ ከጣሪያው ሥር ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከላይ ጣት የሚያስገባ ከታች ግን እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ። እናቴ ከድሮም የነበረ ነው ትላለች፤ እኔ አላስታውሰውም። አንድ የግንባታ ባለሙያ ቤቱን ከውጭ ተመልክቶ «አፍርሳችሁ በብሎኬት ሥሩ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶልኛል። ቤቱ ቆሞ መቆየቱ ማስረጃ ይሆናል ወይ? ስንጥቁስ ምን ይናገራል? ለማፍረስም ሆነ ለመጠገን ከመወሰኔ በፊት እኔው ራሴ ልመረምረው የምችለው ነገር ካለ እንድታመለክቱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ መሐንዲስ ዘደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ ከጎረቤቶችህ ሙግት ልጀምር፤ ምክንያቱም በዚህ ዓመት በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት በብዛት የሰማሁት ሙግት እርሱ ነው። ፈንታሌ ከደብረ ብርሃን በቀጥታ መስመር ወደ ዘጠና ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ እናትህ ካለችበት ከመንዝ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ንዝረት ረጅም መንገድ ሲጓዝ ፈጣኑ እንቅስቃሴ በመንገድ ላይ ይደክማል፤ እስከ ሩቅ የሚደርሰው በዝግታ የሚወዛወዘው ነው። ፎቅ ቤት በተፈጥሮው በዝግታ ስለሚወዛወዝ ከዚህ ንዝረት ጋር ይስማማል፤ አንተም በሦስተኛው ፎቅ የተሰማህ ለዚህ ነው። አጭርና ወፍራም የድንጋይ ቤት ግን ግትር ነው፤ የራሱ ውዝዋዜ ከሰከንድ ጥቂት አሥረኛ እጅ አይበልጥም፤ ስለዚህ ሩቅ የሆነው መንቀጥቀጥ ሳይነካው ያልፋል። የእናትህ ቤት ፈተናውን አለፈ ማለት አይቻልም፤ ፈተናው ገና አልቀረበለትም።

ፈተናው የሚመጣው መንቀጥቀጡ ከቅርብ ሲነሣ ነው። ለመንዝ ቅርቡ ደግሞ የታወቀ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ከአጣዬ በስተ ሰሜን ባለችው በካራቆሬ አካባቢ ደርሶ፣ ማጀቴን ሙሉ በሙሉ ሲያወድም ከካራቆሬም ቤቶች ግማሽ የሚሆኑትን አፍርሷል፤ ወደ ደሴ የሚወስደውንም አውራ ጎዳና ሰነጣጥቋል። ዋናው ከመድረሱ በፊትና በኋላም መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱት አባ ፒየር ጉወን ይህን ታሪክ በዝርዝር መዝግበውታል። ከመሐል ሜዳ እስከ ካራቆሬ በቀጥታ መስመር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልዩነቱ የገደሉ ከፍታ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስንጥቁ። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች እየቀጠነ በማዕዘን ላይ የሚወርድ ስንጥቅ፣ ሁለቱ ግድግዳዎች ከአናታቸው እየተለያዩ መሆናቸውን ያሳያል። ይህ ከመንቀጥቀጥ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የጣሪያው እግሮች ግድግዳውን ወደ ውጭ ሲገፉት፣ ወይም መሠረቱ በአንድ ወገን ሲሰምጥም ይፈጠራል። ቤቱ በዋልካ አፈር ላይ ከሆነ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከወቅቱ ጋር ይሰፋል ይጠባል። ለመለየት ቀላሉ መንገድ በስንጥቁ ላይ ስስ የጂፕሰም ድልድይ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ነው። ከወራት በኋላ ጂፕሰሙ ከተሰበረ ስንጥቁ ሕያው ነው፤ ካልተሰበረ የቆየ ጠባሳ ነው። በመስኮትና በመስኮት መካከል ሁለት ሰያፍ ስንጥቆች እንደ መስቀል ተጣምረው ብታገኝ ግን ግድግዳው በርዝመቱ አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ ተገፍቷል ማለት ነው፤ ያኔ የመንቀጥቀጥ ምልክት የመሆኑ ነገር ያመዝናል።

ነገር ግን ስንጥቅ መቁጠር የግምገማው ዋና ሥራ ነው ብለህ እንዳታስብ እለምንሃለሁ። የድንጋይ ቤት በመንቀጥቀጥ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ደክሞ ሳይሆን ክፍሎቹ ተለያይተው ነው፤ ግድግዳ ከግድግዳ፣ ግድግዳ ከወለል፣ ግድግዳ ከጣሪያ። ግድግዳ በርዝመቱ ሲገፉት ጠንካራ ነው፤ በፊቱ ሲገፉት ግን ከኋላው የሚይዘው ከሌለ እንደ ሳንቃ ይዘነበላል። ስለዚህ በመጀመሪያ የደርቡ ግንዶች በየትኛው ግድግዳ ላይ እንዳረፉ፣ በየትኛው ጎን እንደሚያልፉ ተመልከት። የግድግዳውን ውፍረትና ቁመት ለካ፤ በየማዕዘኑ ቱምቢ (በክር የታሰረ ክብደት) ጥለህ ዝንባሌውን እይ። ከዚያ ቁጥሮቹን ጻፍልን።

መልስ፦ ጠራቢው

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ በግንበኝነት ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ጥርብ ድንጋይ ከሚሠሩ አባት የተወለድሁ ሰው ነኝ። መሐንዲሱ የተናገሩትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን ከውጭ በመለካት አይገኝም።

የጥንቱ የእኛ ግድግዳ በእርግጥ ሁለት ግድግዳ ነው። ግንበኛው የውጩን ፊት በመልካም ድንጋይ ያስውባል፣ የውስጡንም ፊት እንዲሁ ያቆማል፣ መሐሉን በጠጠርና በጭቃ ይሞላዋል። ጥሩ ግንበኛ በየመካከሉ ከፊት እስከ ፊት የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ያጋድማል፤ እኛ ማሰሪያ ድንጋይ እንለዋለን። ማሰሪያ የበዛበት ግድግዳ አንድ ሰው ነው፤ ማሰሪያ የሌለበት ግን ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱን ብትገፋው ሌላው አይደርስለትም። ረጅም ድንጋይ መፈለግና ማንሣት ስለሚያደክም፣ የሥራው ጊዜ ሲያጥር አስቀድሞ የሚቀረው ማሰሪያው ነው። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቻለሁ፤ አልክድም።

ስለዚህ መዶሻ ያዝና ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም በእርጋታ አንኳኳው። ድፍን ድምፅ ከሰጠ መልካም ነው፤ የከበሮ ድምፅ ከሰጠ ፊቱ ከሙሌቱ ተለይቷል። ሆዱ ገፋ ብሎ የወጣ ቦታም ካየህ ምክንያቱ ያው ነው። ከዚያ ልስኑን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል አንሣና የድንጋዩን አቀማመጥ ተመልከት፤ የማዕዘን ድንጋዮቹ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ እየተጋደሙ የተቆላለፉ መሆናቸውንም አትርሳ። በብዙ ቤት ማዕዘኑ ከፊት ሲታይ ያማረ ነው፤ ከውስጥ ግን ሁለቱ ግድግዳ ተነካክተው ከመቆም በቀር አልተያያዙም።

ጠያቂ፦ ጓሳ ዳር

ጋሼ ጠራቢው፣ መሐንዲሱም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ያዘዛችሁኝን ፈጽሜያለሁ።

ቤቱ በውጭ ዘጠኝ ሜትር በአምስት ሜትር ተኩል ነው። የግድግዳው ውፍረት 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከመሬት እስከ ጣሪያው መነሻ 5.4 ሜትር ሲሆን፣ ደርቡ በ2.7 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የደርቡ ግንዶች የሚያርፉት በሁለቱ ረጅም ግድግዳዎች ላይ ብቻ ነው፤ ስንጥቁ ባለበት በምሥራቁ አጭር ግድግዳ ጎን ዝም ብለው ያልፋሉ፤ በመካከላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከጣሪያው መነሻ በላይ እስከ ቆርቆሮው ጫፍ የሚደርስ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው የድንጋይ ግንብ ደግሞ በዚሁ ግድግዳ ላይ ተጨምሮበታል። ቱምቢ ስጥል ግድግዳው ከአናቱ ወደ ውጭ አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ዘንብሏል። በታችኛው ክፍል ድምፁ ድፍን ነው፤ ከደርቡ በላይ ግን በብዙ ቦታ የከበሮ ድምፅ ሰጠኝ። ልስኑን ባነሣሁበት አንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ከላይኛው ክፍል አንድም ማሰሪያ ድንጋይ አላገኘሁም፤ ከታችኛው ሁለት አግኝቻለሁ። እናቴ ስትነግረኝ ለካ ደርቡ የተጨመረው ከታችኛው ቤት ስንት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ግንበኛ ነው።

መልስ፦ መሐንዲስ ዘደብረ ብርሃን

ይህ መረጃ ከብዙ የቢሮ ሪፖርት ይሻላል። በሁለተኛው ግንበኛ ላይ ግን አትፍረድ፤ ረጅሙን ድንጋይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ጋሼ ጠራቢው ያውቁታል።

አንድ ቀላል ስሌት ላሳይህ። ከኋላው ምንም ያልያዘው ግድግዳ መዘንበል የሚጀምርበትን የጎን ግፊት ለመገመት ውፍረቱን ለቁመቱ ማካፈል ነው፤ ውጤቱ የግድግዳው ክብደት ስንት እጅ በጎን ቢገፋው ከሥሩ እንደሚነሣ ይነግረናል። የምሥራቁ ግድግዳ በወለሉ ስላልተያዘ ቁመቱ ሙሉው 5.4 ሜትር ነው፤ 0.60 ለ5.4 ሲካፈል 0.11 ይሆናል። በኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ለከፍተኛው ቀጠና ያስቀመጠው የመሬት ፍጥነት ለውጥ ከመሬት ስበት 0.10 ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ግን እስከ 0.20 አድርሶታል። ልዩነቱ መሬቱ ስለ ተለወጠ አይደለም፤ የቀድሞው በመቶ ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን ንዝረት ሲይዝ፣ የአሁኑ በ475 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን፣ ማለትም በሃምሳ ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አሥር የሆነውን ስለሚይዝ ነው። ግድግዳህ በቀድሞው ሚዛን ለጥቂት ያልፋል፤ በአሁኑ ግን አያልፍም።

ይህም ግድግዳው አንድ አካል ከሆነ ነው። ጋሼ እንዳሉት ሁለት ፊት ከሆነ ግን የእያንዳንዱ ፊት ውፍረት 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 0.25 ለ5.4 ከ0.05 ያነሰ ይሆናል። በሌላ አነጋገር የማሰሪያው አለመኖር ብቻውን የግድግዳውን አቅም ከግማሽ በታች ያወርደዋል። በርግጥ መዘንበል መጀመርና መውደቅ አንድ አይደሉም፤ ግድግዳ ትንሽ ተወዛውዞ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ንዝረቱ በላይኛው ፎቅ ከመሬቱ ይበልጣል፤ ያ ሦስት ማዕዘን ግንብም ከሁሉ አስቀድሞ የሚወርደው ነው። ስለዚህ ስሌቱን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ መጠቆሚያ ውሰደው።

ደስ የሚለው ነገር መድኃኒቱም ከዚሁ ስሌት ይወጣል። ግድግዳው በ2.7 ሜትር ከፍታ ከደርቡ ወለል ጋር በሚገባ ቢታሰር፣ ነጻ ሆኖ የሚቀረው የላይኛው 2.7 ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያም 0.60 ለ2.7 ወደ 0.22 ይደርሳል፤ እጥፍ ማለት ነው። አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይነቀል። ሁለቱ ፊቶች ግን አስቀድመው መያያዝ አለባቸው።

መልስ፦ የመዋቅር መምህር

ውይይቱን በደስታ ተከታትያለሁ። «አፍርሶ በብሎኬት መሥራት» የሚለው ምክር መልስ ሳያገኝ እንዳይቀር ጥቂት ልጨምር።

ሕንፃዎችን በተጋላጭነት ለመመደብ በዓለም በሰፊው የሚያገለግለው በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ የንዝረት ብርታት መለኪያ ነው። በእርሱ አመዳደብ ያልተጠረበ ድንጋይ በጭቃ የተገነባበት ቤት እጅግ ተጋላጭ በሆነው በመጀመሪያው ክፍል ይገባል። ብረት የሌለበት የብሎኬት ወይም የጡብ ግድግዳ ደግሞ በተለምዶ በሁለተኛው ክፍል ነው፤ አንድ እርከን ብቻ። በየማዕዘኑና በየመክፈቻው ጠርዝ የአርማታ ምሰሶ፣ በአናቱም የማሰሪያ ቢም የተደረገለት ግንብ ነው ወደ አራተኛው የሚደርሰው። እንግዲህ እናትህ የድንጋይ ቤቷን አፍርሳ ምሰሶና ቢም የሌለው የብሎኬት ቤት ብትሠራ ገንዘቡ ወጥቶ የተሻገረችው አንድ ደረጃ ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ ባዶ ብሎኬት በ20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቆሞ ማየት ለእኔ ከወፍራሙ ድንጋይ የበለጠ ያስፈራኛል። የገጠሩ የእንጨትና የጭቃ ቤት ባለጸጎች የሚንቁት ቢሆንም፣ እንጨቱ ሳይበሰብስ ከቆየ ቀላልና ተጣጣፊ ስለሆነ በመንቀጥቀጥ ከሁለቱም ይሻላል።

ሁለተኛው ስጋቴ ተቃራኒው ነው። ብዙ ሰው «ማሰር» ሲባል ወዲያው አናቱ ላይ ከባድ የአርማታ ቢም ማፍሰስ ይመስለዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. በጣሊያን በኡምብሪያና በማርኬ ክልሎች መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ የእንጨት ወለላቸውና ጣሪያቸው በከባድ አርማታ የተተካላቸው የድሮ የድንጋይ ቤቶች፣ አርማታው ሳይጎዳ ከሥሩ ያለው ደካማ ግድግዳ ተፈረካክሶ ተገኝቷል። አርማታው ክብደት ጨመረ፤ ክብደት በመንቀጥቀጥ ጊዜ የጎን ግፊት ነው፤ ግትርነቱም ከጭቃው ግንብ ጋር አልተስማማም። የጭቃ ግንብ ሲታሰር በቀላል ነገር፣ በእንጨት ወይም በብረት ዘንግ ይታሰር።

ይህ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳዎች ላይ አግድም የተጋደሙ ግንዶችን፣ በደብረ ዳሞም ከግንቡ ወጣ ወጣ ብለው የሚታዩትን የዝንጀሮ ራስ የሚባሉትን የእንጨት ጫፎች የማያውቅ የለም። ተማሪዎቼ እንደ ጌጥ ነው የሚያዩአቸው። አጫጭሮቹ እንጨቶች ግን የውስጡንና የውጩን ፊት የሚያያይዙ፣ ረጃጅሞቹ ደግሞ ግድግዳውን በዙሪያው የሚታጠቁ ናቸው፤ ጋሼ ጠራቢው ማሰሪያ ድንጋይ ያሉት ነገር በእንጨት የተሠራ ማለት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኔፓል ውስጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች ሲወድሙ አብዛኞቹ በጭቃ የተገነቡ የድንጋይ ቤቶች ነበሩ። መልሶ ግንባታው ሲጀመር ያስተማሯቸውም ከዚሁ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ አግድም ማሰሪያ በየደረጃው፣ ከፊት እስከ ፊት የሚዘልቅ ድንጋይ በየመካከሉ። የሕንድ ደረጃ ማሰሪያ ድንጋይ በቁመት በየ60 ሳንቲ ሜትሩ፣ በአግድም ከ1.2 ሜትር ሳይራራቅ እንዲገባ ያዝዛል።

ጠያቂ፦ ጓሳ ዳር

የመዋቅር መምህር፣ ጥያቄዬን ከጠየቅሁት በላይ መልሰውልኛል። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ አልሆነልኝም፤ በቆመ ግድግዳ ውስጥ ማሰሪያ ድንጋይ እንዴት ይገባል?

መልስ፦ ጠራቢው

ልጄ፣ በቆመ ግንብ ድንጋይ አይገባም፤ በምትኩ አርማታ ይፈስሳል። ከውጭ አንድ ድንጋይ ቀስ ብለህ ታወጣለህ፤ በመዶሻ ሳይሆን በእጅና በቀጭን ብረት፤ ሙሌቱን እየጠረግህ ከውስጥ ፊት ያለውንም አንድ ድንጋይ ታወጣለህ። ቀዳዳው በሁለቱ ጫፍ ሰፋ ያለ፣ በመሐል ጠበብ ያለ ይሁን። ሁለቱም ጫፉ የታጠፈ ፌሮ ታስገባና በአርማታ ትሞላዋለህ፤ እስኪደርቅም ውኃ ታጠጣዋለህ። በአንድ ቀን ተቀራራቢ ቀዳዳ አትክፈት፤ አንዱ ሳይጠና ሁለተኛውን መንካት ግድግዳውን ማፍረስ ነው። ሆዱ በወጣው ቦታ ላይ ከመሥራትህ በፊት በባሕር ዛፍ ደግፈው።

የደርቡን ግንዶች ለማያያዝ ከግንዶቹ በላይ በተሻጋሪ ወፍራም ጣውላ አስተኝተህ፣ ቢያንስ ሦስቱን ግንድ እንዲይዝ በብሎን ካሰርህ በኋላ፣ ዘንጉን በግድግዳው አሳልፈህ በውጭ በሰፊ ላሜራ ትቆልፈዋለህ። ላሜራው ትንሽ ከሆነ ድንጋዩን በስቶ ይገባል። ያንን ሦስት ማዕዘን ግንብ ግን እኔ ብሆን አልጠግነውም፤ አውርጄ በጣውላና በቆርቆሮ እዘጋዋለሁ።

መልስ፦ መሐንዲስ ዘደብረ ብርሃን

ከጋሼ ጋር በሁሉም እስማማለሁ፤ ሥራው ሲጀመር ግን የመዋቅር መሐንዲስ ግድግዳውን በዓይኑ አይቶ የዘንጎቹን ብዛትና ቦታ ይወስን። በዚህ መድረክ የተጻፈ ስሌት ለውሳኔ መነሻ ነው እንጂ ለሥራ መመሪያ አይበቃም። ቤቱ የተቀመጠበትንም መሬት ማየት አለበት። የገደሉ ጠርዝ ቅርብ ከሆነ ግድግዳውን ማሰር ብቻ አይበቃም፤ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በደብረ ሲና አቅራቢያ በይዛባ ወይን መሬቱ ሲንሸራተት ጥሩ ግንብ ከመጥፎው አልተለየም።

ጠያቂ፦ ጓሳ ዳር

ከገደሉ ጠርዝ የራቀ ሜዳ ላይ ነው፤ ከሥሩም ዓለት ነው። ጂፕሰሙን ለጥፌ ቀኑን ጽፌበታለሁ። የእናቴን አልጋ ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር አንሥተን ወደ ታችኛው ክፍል፣ ወደ ምዕራቡ ማዕዘን አዛውረነዋል፤ ለጊዜው ደርቡ ላይ የሚቀመጠው እህል ብቻ ነው። መሐንዲስ ይዤ የምሄደው በሚቀጥለው ወር ነው።

መልስ፦ ጠራቢው

እህሉንም አውርደው፤ እርሱም ክብደት ነው። ቀዳዳ የመክፈቱን ሥራ ግን ክረምት ሳይገባ የማትጨርሰው ከሆነ አትጀምረው፤ ጭቃው ውኃ ከጠጣ በኋላ ድንጋይ ማውጣት አይቻልም። ከመስቀል በኋላ ግንቡ ሲደርቅ ጀምር፤ አምላክ ካለ እኔም መጥቼ አየዋለሁ።